ቀድማ የምትተነፍሰው እህት

ወንድሟ በዓለም ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ሲዘፍን፣ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ያየችው ጫማውን ነው። ታዳሚው ከፍሎ ገብቶ የወንድሟን ፊት፣ ሰፊ ደረቱንና በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባውን ሲያደንቅ፣ እሷ ከመድረኩ ጫፍ በተቆረጠች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተጣጥፋ፣ ራሷን ብቻ ከወለሉ በላይ ብቅ አድርጋ ትቀመጣለች። በታዳሚው በኩል ጉድጓዷን የምትጋርድ ትንሽ ክዳን ስላለች ማንም አያያትም። ሥራዋ ቃል ማቀበል ነው። ዘፋኙ እያንዳንዱን ሐረግ ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቀድማ መነሻውን ቃል ትሰጠዋለች፤ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። የኦፔራ ቤት ሰዎች ለዚህ ሥራ በየቋንቋቸው የከበረ ስም አላቸው። እሷ ግን ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት «ለወንድሜ አስታዋሽ ነኝ» ብላ ታልፋለች።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ድምጿ በኦርኬስትራው ሥር ሾልኮ ዘፋኙ ጆሮ መድረስ አለበት፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ባለ ዕንቁ እመቤት ጆሮ ግን መግባት የለበትም። ስለዚህ ጩኸትም አይደለም፣ ንግግርም አይደለም፤ ምላስና ጥርስ ብቻ የሚሠሩት ስለታም ሹክሹክታ ነው። አቧራውም አለ። የዘፋኞቹ የቀሚስ ጠርዝ ወለሉን እየጠረገ የሚያመጣው ሁሉ ማረፊያው እሷ ላይ ነው። እንደ ወንድሟ ያለ ቴነር፣ ማለትም ከፍ ባለ የወንድ ድምፅ የሚዘፍን፣ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምራቁ እንደ ካፊያ ይረጫል፤ የሚቀምሰውም ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ሁልጊዜ ሻሽ የምታስረው ለዚህ ነበር፤ ሰው ግን ጭምትነት ይመስለዋል። ከትርኢት በፊት ደረቅ ነገር አትቀምስም። አንዲት ፍርፋሪ ጉሮሮዋ ላይ ብትቀርባት፣ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ የሚዘፍነው ወንድሟ በሺህ ሰው ፊት አፉን ከፍቶ መቅረቱ ነዋ!

የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው። ለወንድሟ ድምፅ ተሰጠው፣ ለእሷ ደግሞ ማስታወስ። በልጅነታቸው፣ በትምህርት ቤቱ የመዝሙር ቡድን ውስጥ፣ ያ ድምፁ አስተማሪዎቹን የሚያስለቅስ ትንሽ ልጅ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቃሉ ከአፉ ጠፋ። ዐይኑ ፈዘዘ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቱ ከኋላው ነበረችና ትንፋሿን ጆሮ ግንዱ ላይ አሳርፋ ቃሉን ሹክ አለችው። ዘፈነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ እሷ አንድም ጊዜ ዘፍኖ አያውቅም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጠና ይውላል፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ራሱ እንደ ተደመሰሰ ጥቁር ሰሌዳ ነው። እናታቸው አልጋ ላይ ውላ ነፍሷ ልትወጣ ስትል የተናገረችው ስለ ሌላ አልነበረም። «ማሙሽን አደራ። አፉ አንቺ ነሽ» አለቻት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ማሙሽ አደገ፤ ሆዱም ዝናውም ገፋ። በየአገሩ ያሉ ታላላቅ የኦፔራ ቤቶች ይሻሙበት ጀመር። ውል ሲዋዋል የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ደሞዝ አይደለም፤ እህቱ ጉድጓድ ካልገባች እሱ መድረክ አይወጣም። ብዙዎቹ ቤቶች ግን ያንን ጉድጓድ «ድሮ ቀረ» ብለው ደፍነውት ነበር። አንድ ቤት ለእሷ ሲባል አናጢ ጠርቶ የሚያምር የመድረክ ወለሉን በመጋዝ አስቆርጧል። ሥራ አስኪያጁ መጋዙ ሲያፏጭ የገዛ እግሩ የሚቆረጥ ይመስል ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር አሉ። ወንድሟ «እትዬ» እያለ ስለሚጠራት፣ ያ ሁሉ የባዕድ አገር ሰው ስሟ መስሎት «እትዬ» ይላታል። ነጭ ጢም ያላቸው የኦርኬስትራ መሪ ሳይቀሩ፣ አያቷ ሊሆኑ ምንም ሳይቀራቸው፣ «እትዬ፣ ዛሬ ጤና ነሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር፤ በኋላ ለመደችው።

የራሷ ሕይወትም ነበራት፤ ማለትም በስልክ። ባሏ ገና ሕፃን ልጅ አስታቅፏት ሞተ። ልጅቷን የባሏ እህት ዘንድ አስቀምጣ ወንድሟን ተከትላ ሄደች። ካለችበት አገር ሁሉ፣ ከሆቴል ክፍል፣ ከመልበሻ ክፍል ኮሪደር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ትደውላለች። «በልተሻል? ትምህርትሽን አጠናሽ? ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?» ልጅቷ እናቷን የምታውቃት በዚህ ድምፅ ነው። በዓመት አንዴ በአካል ስትመጣ ልጅቷ ታፍራትና አክስቷ ቀሚስ ሥር ትሸሸግ ነበር፤ እናቲቱ ተመልሳ ሄዳ የደወለች ቀን ግን በስልክ ላይ ታለቅሳለች። ይህች ሴት ለልጇ የሰጠቻት ነገር ቢኖር ድምጿን ነው። ሌላ የሰጠቻት የለም፤ ይህንንም ራሷ ታውቀዋለች፣ ያንገበግባታልም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የጠዋት ልምምድ ነው። አቧራ ጉሮሮዋ ገባና ሳል ጠለፋት። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ አጎንብሳ፣ ዕንባዋ እስኪፈስ ስታስል አንድ ሙሉ ዜማ አለፈ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላቀበለችውም። ቀና ስትል ወንድሟ ዐይኑን ወደ ጉድጓዱ ተክሎ፣ ቃል ሳይዘነጋ፣ ምት ሳይስት እየዘፈነ ነው። ደስታዋ ወሰን አጣ። «ማሙሽ በስተርጅና ሸመደደ!» አለች በሆዷ። ለራሷም የምታርፍበት ቀን የደረሰ መሰላት።

ልምምዱ አልቆ መልበሻ ክፍል ስትገባ እሱ መስታወት ፊት ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«እትዬ፣ ዛሬማ ምን ሆነሽ ነው! ድምፅሽ እንደዚያ ጥርት ብሎ አያውቅም» አላት።

«እኔ? ስስል ነበር እኮ።»

«ካሳልሽ በኋላ ነዋ። ሳሉ ጠረገልሽ።»

የሚያሾፍባት መሰላትና ትከሻውን መታ አድርጋው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግን ከሽማግሌው መሪ ጋር ተገናኘች። የመሪው መቆሚያ ከጉድጓዷ ጀርባ ስለሆነ እሳቸው የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ዛሬ ቃል ስላለመስጠቷ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«ስታስዪ አይቼሻለሁ» አሏት። ወረቀታቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ጥቂት አሰቡ። «ቃል ስትሰጪውም ሰምቼሻለሁ። እንግዲህ ሁለቱንም እንዴት እንደቻልሽበት እኔ አላውቅም። እኔ እምቢልታና ቫዮሊን ነው የማስማማው።» ይህን ብለው ሄዱ። እሷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ድምጿ እየሻከረ ሄደ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች፤ ቀጥሎ የሆቴሉ ማሞቂያ ነው አለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ድምፅም ሲሄድ ለባለቤቱ አይታወቅም ኖሯል። አንድ ቀን እንደ ወትሮዋ ወደ ቤት ደወለች።

«ሄሎ» አለች ልጇ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

ይህቺ «ማን ልበል?» ቢላዋ ሆና ገባችባት። ስልኩን ይዛ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። በማግስቱ ማልዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በጫፏ መብራት ያላት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብታ፣ ጉሮሮዋን በስክሪን አሳየቻት። የድምፅ አውታር የሚባሉት ሁለት ነጫጭ ክሮች ይታያሉ፤ በሁለቱም ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያበጠ ነገር ተቀምጧል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሹክ እላለሁ።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቀልድ አለመሆኑን ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ሰው ሁሉ ሹክሹክታ ጉሮሮ የሚያሳርፍ ይመስለዋል፤ የእርስዎን ጉሮሮ የጨረሰው ግን እሱ ነው። ሥራውን ይተዉት፤ ዝም ብለው ይክረሙ፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ካልተዉት ግን አንድ ቀን አፍዎን ሲከፍቱ ምንም አይወጣም። ያኔ እኛም የምናደርገው ነገር የለም።»

ለወንድሟ ስትነግረው፣ ያ የሚያህል ሰውዬ፣ በየአገሩ መንገድ ላይ ፊርማ የሚለምኑት ቴነር፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም አብራው አለቀሰች። በኋላ ግን ዕንባውን ጠርጎ፣ «ሂጂ እትዬ፤ ልጅሽ ዘንድ ሂጂ፤ እኔ እሞክራለሁ» አላት። የኦፔራ ቤቱም ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በዚያው ሙያ የሸበተ ሰው በቦታዋ ቀጠረላት። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ወንጀል የሠራች ይመስላት ነበር፤ ደስታም ነበራት፣ ሁለቱ ተደባልቀው።

ልጇ አድጋ፣ የሴቶች ልብስ ሰፊ ሆናለች። አክስቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእሷ ነው። የፊተኛው ክፍል መስፊያ ቤት ሲሆን፣ ከመስኮቱ ሥር መኪናው፣ ከግድግዳው ጋር ረጅሙ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ በየጥጉም ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ቆመዋል። እናቲቱ ቁልፍ እየለየች፣ ስፌት እየፈታች፣ በእጅና በዐይን ጥቅሻ እየተግባባች ዝም ብላ ትውላለች።

«አይ የኔና ያንቺ ነገር» አለቻት ልጇ አንድ ቀን፣ ክር እየበጠሰች። «ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅሽ ብቻ ሲመጣ ኖረ፤ አሁን ደግሞ አንቺ ያለ ድምፅሽ መጣሽ።»

ሳቁ። እናቲቱ የሳቀችው ያለ ድምፅ ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቀን በሆዷ ስእለት መሳይ ነገር ያዘች፦ ድምፄ ሲመለስ ለዚህች ልጅ ያላልኳትን ሁሉ እላታለሁ። ቁጭ ብዬ፣ ፊት ለፊቷ፣ በሙሉ ድምፅ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ። ጉሮሮዋ መሻሻል ሲገባው ይብስበት ጀመር። አንዳንድ ቀን ደህና ትሆንና አንድ ሁለት ቃል ለልጇ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ብላ ስትነሣ ጉሮሮዋ አሸዋ እንደዋጠ ሰው ነው። ሐኪሟ ያዘዘችላትን ሁሉ ታደርጋለች፤ ነገሩ ሊገባት አልቻለም።

ከዕለታት አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለላት። በእሷ ቦታ የገባው ሰውዬ ነው።

«እትዬ፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ» አላት። ድምፁ የሚያፍር ሰው ድምፅ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ… እርስዎ የሚቀመጡት ብቻዎን ነበር?»

«ሁለት ሰው አይችልም» አለች በሻከረ ድምፅ።

«አይችልም። እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው።» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃል ልሰጠው አፌን ስከፍት በግራዬ በኩል ሰው ይቀድመኛል። ሴት ናት። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ይሞቃል እኮ። ወንድምዎ አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ አይቶ አያውቅም፤ ከትከሻዬ አጠገብ ነው የሚያየው፤ ፈገግ ይላል። ከሥራው ለቅቄአለሁ፤ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን መናገር ያለብኝ መሰለኝ።»

ስልኩን ዘጋች። በየቲያትር ቤቱ ስለ እሷ የማይባል እንዳልነበረ በኋላ ነው የሰማችው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና። የመድረክ ጠራጊዎች ያንን ጉድጓድ ከሄደች ወዲህ በመጥረጊያ ጫፍ ከሩቁ እንጂ ቀርበው አይጠርጉትም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋደም ብላ ስትነቃ ልጇ ከራስጌዋ ተቀምጣለች። መርፌዋን ቀሚሷ ደረት ላይ እንደሰካች ነው።

«እማዬ፣ አልነግርሽም ብዬ ነበር። ከሰዓት ስትተኚ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።»

«ቅዠት ነዋ።»

«ቅዠት አይመስልም። ቶሎ ቶሎ ነው፤ ቆም ይልና ይቀጥላል። ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር። ምንም አይሰማም፤ ትንፋሽ ብቻ። ሁልጊዜም አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ነው።»

የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እዚህ ከሰዓት ሲሆን፣ ወንድሟ ያለበት የምሥራቅ አገር ይመሻል፤ መጋረጃ ይገለጣል። ልጇ ውኃ ልታመጣላት ወጣች፤ እሷ ግን ስልኩን አንሥታ ወደ ማሙሽ ደወለች።

«ማሙሽ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቃል የሚሰጥህ ማነው?»

«ማን ይሰጠኛል?» አለ፤ ነገሩ የሚጠየቅ አልመሰለውም። «አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እኔ እኮ ቤቴ ነኝ!»

«ታዲያስ?» አለ። በዚያች «ታዲያስ» ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። «የት እንዳለሽ መች አጣሁት እትዬ? ግን ትመጫለሽ። እንደውም ከድሮው ይልቅ ድምፅሽ ጠርቷል። ሳሉም ለቆሻል። የሃያ ዓመት ልጅ መሰልሽ እኮ!»

«ድምፄ እያለቀ ነው ማሙሽ። አንተ ዘንድ ሲጠራ እኔ ዘንድ እያለቀ ነው። ስለ እናታችን ብለህ ተወኝ።»

የልጅነት ድምፁ ተመለሰ፤ ያ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የቀረው ልጅ። «እኔ መች ይዤሽ? መድረክ ላይ ስቆም ዝም ብዬ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ ትመጫለሽ። እንዴት አድርጌ ነው የማልሰማሽ? አስተምሪኝና ልተው።» ደግሞ ለመን አድርጎ፣ «ይቺ የእሑዷ ትለፍልኝ ብቻ። በሬድዮ በቀጥታ ለዓለም ሁሉ ትተላለፋለች። ከእሷ በኋላ አቆማለሁ» አለ።

እሷ ግን ወሰነች። የእሑዱን ከሰዓት አልተኛም፤ ቁጭ ብዬ፣ ነቅቼ፣ አፌን ዘግቼ አሳልፈዋለሁ አለች። ቃል ካጣ ይጣ። በዓለም ፊት ቢዋረድም ይዋረድ። ያሳደገችው ልጅ ነው። ነገር ግን ለራሷ ልጅ የቀራት ነገር ያቺው ጭል ጭል የምትል ድምጿ ናት፤ እሷን አልሰጥም አለች።

እሑድ ልጇ ሬድዮውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጮቹ መካከል አስቀመጠችው። ጣቢያውን ስታስተካክል እጇ አላመነታም፤ የለመደችው መሆኑ ያስታውቃል።

«አጎቴን ስሰማ ነው ያደግኩት» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ማለቴ እሱንስ አልነበረም። እሱ ያስቸግረኛል እንጂ፤ በጣም ይጮኻል። ጆሮዬን ሬድዮው ላይ ለጥፌ፣ እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቄ፣ ከሥሩ አንቺን ነበር የምሰማው። ትሰሚያለሽ እማዬ፣ አንድ ቃል፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች። አክስቴ ቅዠታም ትለኝ ነበር። ስልክ የማትደውዪበት ሳምንት እንኳ እሷን አላጣም።»

እናቲቱ ይህንን ሰምታ አታውቅም። ልትናገር ፈለገች፤ ሰዓቱ ግን ደርሶ ነበር፤ ከሬድዮው የታዳሚው ሁካታ ቀነሰ፤ መሪው ገቡ፤ ጭብጨባ ተሰማ። ብርጭቆውን አንሥታ አፏን ሙሉ ውኃ ያዘች። አፉ ውኃ የሞላ ሰው ቃል አይሰጥም፤ ከንፈሩም አይንቀሳቀስም።

ኦርኬስትራው ጀመረ። ማሙሽ ገባ። ዘፈነ፤ አንድም ቃል አልሳተ። ልጅቷ ጆሮዋን ሬድዮው ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፍና ቆየች፤ ቀስ በቀስም ፊቷ በራ።

«ይኸው!» አለች በለሆሳስ። «ይኸው፣ ይሰማል! ከድሮው ይልቅ ቅርብ ነሽ!»

እናቲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ጉንጯ በውኃ እንደተነፋ ነው። እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት፤ እዚህ ነኝ፣ ፊትሽ ነኝ ለማለት። ልጅቷ ዐይኗን አልከፈተችም። ያን ጊዜ እናቲቱ ንዴት ያዛት፤ በሕይወቷ ተናዳ የማታውቀው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ውኃውን መሬት ላይ ተፋችውና በቀራት ሻካራ ድምፅ ተናገረች።

«በቃ ማሙሽ። በቃኝ፤ ልቀቀኝ!»

አንድ ትንፋሽ ያህል አለፈ። ከሬድዮው፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ድምፅ፣ በባዕድ ቋንቋ ዜማ መሐል፣ በእናታቸው ቋንቋ «በቃ ማሙሽ፣ በቃኝ፣ ልቀቀኝ» የሚል መጣ። ከፍ አድርጎ ያዘው፣ አንቀጠቀጠው፣ አሳረገው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ቋንቋውን የማያውቀው ታዳሚ የዜማው ክፍል መስሎት አዳራሹ እስኪናወጥ አጨበጨበ።

ልጅቷ ዐይኗን ከፈተች። ሁለቱ ተያዩ።

ጭብጨባው አልቆ ኦርኬስትራው ቀጠለ፤ የእሱ ተራ ደረሰ፤ እሱ ግን አልገባም። መሪው ወደ ኋላ ተመልሰው ያንኑ ስንኝ አስጀመሩ። አሁንም አልገባም። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ተንጠባጥበው ዝም አሉ። ከሬድዮው የሚሰማው የትልቅ አዳራሽ ጸጥታ ብቻ ሆነ፤ የሰው ሳል፣ የወንበር መንቋቋት። ከዚያም የወንድሟ ድምፅ፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ጠፋ ልጅ፦

«እትዬ?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። በአፏ ቃል ባትሰጠውም ትንፋሿ ሊሄድ እንደሚችል አሁን ገባት፤ እሱ ሁልጊዜ ከእሷ ትንፋሽ ጋር ነበር የሚተነፍሰው። ስለዚህ ትንፋሿንም ያዘች። ሬድዮው ጸጥ እንዳለ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሯት ትንፋሹን የያዘ ይመስል ነበር። ደረቷ ተወጠረ፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ የልጇ ፊት ብዥ አለባት። ልጅቷ «እማዬ! እማዬ ተንፍሺ!» እያለች ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እምቢ አለች። የቻለችውን ያህል፣ ከቻለችውም በላይ እምቢ አለች። ሰው ግን ለራሱ እምቢ ማለት ቢችል፣ ለሳንባው እምቢ ማለት አይችልም። የፈሩት ይደርሳል፤ ሳትወድ በግዷ ተነፈሰች።

የተነፈሰችው ግን እዚህ አልተሰማም። ከሬድዮው፣ አየር ሲስብ የሴት ትንፋሽ ተሰማ፤ ለጥቆም የእሷ ድምፅ፣ ሻካራው ሳይሆን የወጣትነቷ፣ ጥርት ያለው፣ ሳል የማያውቀው፣ የሚቀጥለውን ቃል አቀበለ። ወንድሟ ተቀብሎ ዘፈነ። ቫዮሊኖቹ ደርሰው ከሥር ደገፉት።

«እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። ጮኸች ይባል እንጂ፣ አፏ ተከፈተ፣ የአንገቷ ሥር ተወጠረ፣ ምንም አልወጣም። ልጇን በቅጽል ስሟ ጠራቻት፤ ምንም። እንደገና ጠራቻት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ የሚወጣው ከዚያች ሬድዮ ነበር፤ የማሙሽ፣ ከሥሩም የእሷ።

ጠረጴዛውን እየተደገፈች ሄዳ ሬድዮውን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ፊቷን ወደ እናቷ ሳታዞር፣ ጆሮዋን ከሬድዮው ሳታነሣ፣ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ እማዬ፣ አትዝጊው» አለች፤ ዕንባዋ ይወርዳል። «አንቺ ነሽ እኮ።»

ድምፁንም ከፍ አደረገችው።